ደመወዝ የሌለውን አስተማሪ ያሰናበተው ሹም

አዳኞችን እንዲያስተምር የተሾመ አንድ ሰው ነበረ። አያልነሽ ልጄ፣ አንቺን ያስጨነቀሽ ነገር ከአንቺ በፊት እሱን አስጨንቆታልና የእሱን ነገር ልንገርሽ። ዛሬ መጥተሽ ያልሽኝ እንዲህ ነው፦ «ለአዳኞች በነጻ ከሚያስተምሩልኝ ሰዎች አንዱ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ ተማሪዎች መሃል ይቀመጣል። ተው እንዳልለው በነጻ ነው የሚያገለግለኝ። ዝም እንዳልል ሰው ይሞትብኛል። ምን ላድርግ?» እኔ ስለ ጠመንጃ ብዙ አላውቅም። የዚያን ሰው ታሪክ ግን አውቃለሁ።

የሚኖርበት አገር ጫካው የበዛ፣ ጠመንጃውም የበዛ ነበር። በአንድ የእሸት ወራት አንድ ገበሬ ማሳውን ከከርከሮ ሲጠብቅ በቆሎው ሲነቃነቅ አየና ተኮሰ። በቆሎው ውስጥ የነበረው የገዛ ወንድሙ ነው። ገበሬው ወንድሙን ቀብሮ ሲመለስ ጠመንጃውን ገደል ሰደደው፤ ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር መነጋገርም ተወ። የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ከእንግዲህ ሳይማር ጠመንጃ ይዞ ጫካ የሚገባ አይኑር» ብለው ደነገጉ። ትምህርቱን እንዲመራም ይህን ሰው ሾሙት።

ሹመቱን ሰጡት እንጂ ለአስተማሪዎች የሚከፈል ነገር አልሰጡትም። ስለዚህ በየመንደሩ እየዞረ የታወቁ አዳኞችን ለመነ። አንዱ እርሻ አለብኝ አለ፣ ሌላው ሳቀበት። መጀመሪያ እሺ ያለው አንድ ሽማግሌ አዳኝ ነበር። ሹሙን ራሱን በልጅነቱ ያስተማረው እሱ ነው። ዱካ መከተልን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅን፣ ግልገል ያላትን እንስት አለመንካትን ከእሱ ተምሯል። ሽማግሌው «እኔ እመጣለሁ» ሲል ሌሎቹም አፍረው ተከተሉት።

ስንቃቸውን ከቤታቸው ይዘው፣ ሥራቸውን ትተው ያስተምሩ ጀመር። ሹሙ ማን ምን እንደሚያስተምር ይደለድላል፤ የቀረ ሲኖር ይተካል፤ ሲኳረፉ ያስታርቃል። የሚከፍላቸው ስለሌለው በሌላ ይክሳቸው ነበር። አንዱ ልጁን ሲድር ድንኳን ሊተክል ቀድሞ ይደርሳል፤ አንዱ ሲታመም ከራስጌው አይጠፋም። ከሁሉም የሚወደደው ግን ሽማግሌው ነበር። እሱ ሲናገር ተማሪው ሁሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ቀን ሹሙ ውሃ በቅል ሲያቀብለው የሽማግሌው እጅ ከቅሉ አጠገብ ባዶ አየር ጨበጠ። ሌላ ቀን ሹሙ ፊት ለፊት ሲመጣ ሽማግሌው ድምፁን እስኪሰማ ድረስ ማን እንደሆነ አላወቀውም። ሹሙ ነገሩ ገባው። ገብቶት ዝም አለ። «ዛሬ ተማሪ በዝቷል፣ ነገ እነግረዋለሁ» ይላል። ነገ ሲደርስ «በዓል ነው፣ ከበዓሉ ወዲያ» ይላል። ደመወዝ ለሚበላ ሰው በቃህ ማለት ይቻላል። ጉልበቱን ለሰጠህ፣ ያውም እጅህን ይዞ ላሳደገህ ሰው ግን በየትኛው አፍ ትለዋለህ?

እንዲህ እያለ ከረመ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል፣ አስተማሪዎቹ ተማሪዎቹን ይዘው ጫካው ዳር ቆሙ። ሽማግሌው ከአንድ ተማሪ አጠገብ በርከክ ብሎ «ያውልህ ድኩላ» አለው። «አጎንብሶ ይግጣል። ከትከሻው ዝቅ አድርገህ አነጣጥር።»

ተማሪው አመነታ። «ጋሼ፣ ለእኔ በደንብ አልታየኝም።»

«ለእኔ ታይቶኛል። ልቀቅ!»

ሹሙ ከኋላቸው ነበር። ቀና ሲል ያየው ድኩላ አልነበረም፤ የሣር ሸክም አጉብጧት በቁጥቋጦው መሃል የምታልፍ ሴት ነበረች። ተወርውሮ አፈሙዙን ወደ ላይ መታው። ጥይቱ የዛፍ ቅጠል አራግፎ አለፈ። ሴትዮዋ ጮኻ ሸክሟን ጥላ ሮጠች። ተማሪው ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ራቀ።

ሽማግሌው «ቦታው ጥላ ስለነበረ ነው» አለ። ሌሎቹ አስተማሪዎችም ከበቡትና «ማንም ይሳሳታል፤ ደግሞም እግዜር ይመስገን ምንም አልሆነም» እያሉ ትከሻውን ያዙት። ሹሙን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

በማግስቱ ሹሙ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደ። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጠመንጃውን ይወለውላል። ሚስቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ጋሼ» አለ ሹሙ፣ «ዓይንዎ ደክሟል።»

የሽማግሌው እጅ ቆመ። ይህን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ በፊቱ የተናገረው ሰው አልነበረም። ሚስቱ አንገቷን ደፋች፤ እሷ ካወቀች ቆይታለች።

«ከእንግዲህ ተማሪ ይዘው ጫካ አይገቡም። ከዛፉ ሥር ተቀምጠው የሚያውቁትን ይንገሩልኝ። እሱ ይበቃናል።»

«ተቀምጬ?» አለ ሽማግሌው። «ሕፃናት ሰብስቤ ተረት ላውራልህ? ማን ቀጠረኝና ነው የምታሰናብተኝ? ደመወዝህን በልቻለሁ?»

«ደመወዜን ቢበሉማ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ደመወዙን አስቀርቼ እገላገል ነበር። እርስዎ የሰጡኝ ራስዎን ነው። እሱን ደግሞ የምመልስበት መንገድ የለኝም።»

«እንግዲያው ከደጄ ሂድልኝ» አለ ሽማግሌው።

ሹሙ ሄደ። ያ ነገር በሰፈሩ ሲሰማ አስተማሪዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። አንደኛው ብቻ መጥቶ ፊት ለፊት ተናገረው፦ «አባትህን እንዲህ ካደረግህ እኛን ምን ልታደርገን ነው?» ብሎት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሹሙ ብቻውን ያስተምር ጀመር። ጠዋት ጠመንጃ አያያዝ ያስተምራል፣ ከሰዓት ዱካ ያሳያል፣ ሲመሽ ተማሪዎቹን ከጫካ ያወጣል። ድግስ ሲጠራ ሄዶ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ሳይሞላ ድግሱ ያልቃል። ሰላም ሲል ሰላም ይሉታል፣ ከዚያ የሚጨምሩለት ቃል የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ጫካው ውስጥ በጥይት የሞተ ሰው አልነበረም። ሰው ግን «ድሮስ ስንት ሰው ሞተና ነው? እንዲያው አካብዶት እንጂ» ይል ነበር። እሱም አንዳንዴ፣ ብቻውን ስንቁን ሲበላ፣ ይህንኑ ለራሱ ይለዋል።

ሽማግሌው ከእሱ ጋር ሳይታረቅ ሞተ። ሹሙ ቀብር ሄደ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እሱም ትከሻውን ሊሰጥ ቀረበ። የሟቹ ልጅ ምንም ሳይናገር መሃል ገብቶ ቦታውን ያዘበት። ሹሙ ወደ ኋላ ቀረና ከሰዉ ሁሉ መጨረሻ እየተከተለ ሄደ። ያስተማረውን፣ ያሳደገውን ሰው ከሩቅ ቀበረው።

ከአርባው በኋላ የሟቹ ሚስት ወደ ሹሙ ቤት መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ተቀመጪ ሲላት አልተቀመጠችም።

«ይቅር ብሎህ ሞቷል ልልህ አልመጣሁም» አለች። «ቂም እንደያዘብህ ነው የሞተው። ስምህ ሲጠራ ፊቱን ያዞር ነበር።»



«ግን የሰው ደም በእጁ ሳይኖር ሞተ» አለች። «ያንን እሱ አላወቀውም። እኔ አውቃለሁ። ለዓመታት መንገዱን እየመራሁ ወደ ቤቱ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ልነግረው የሚገባኝም እኔ ነበርኩ፤ አልቻልኩም። ይኼንን ለአንተ የሚነግርህ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው የመጣሁት።»

ሹሙ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። እሷ አላባበለችውም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በማግስቱም ሹሙ ሊያስተምር ብቻውን ወጣ።

እንግዲህ አያልነሽ፣ ሹሙ አንቺ ነሽ። ሽማግሌውም ያ የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ የሚቀመጠው ሰውሽ ነው። በነጻ የሚያገለግል ሰው ልብሽን ያስረዋል፤ ውለታው አፍሽን ይዘጋዋል። አንቺ ግን ዝም ያልሽው ለእሱ ብለሽ አይደለም፤ እንዳይጠላሽ ብለሽ ነው። ብትነግሪው ቂም ይይዝብሻል። ቂም ከባድ ነው፣ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። ሆኖም ቂሙን አንቺ ካልተሸከምሽ ደሙን እሱ ይሸከማል። ያንን ገበሬ አስቢው፤ ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ከሰው ጋር ተነጋግሮ አያውቅም።

ሹሙም ቢሆን አንድ ነገር አጥፍቷል። የሽማግሌው እጅ ቅሉን የሳተ ዕለት መናገር ሲገባው፣ ሣር የተሸከመችው ሴት እስክትመጣ ጠበቀ። እሷን ያተረፋት የእሱ ብልሃት አይደለም፤ ያን ዕለት ከኋላ መቆሙ ብቻ ነው። አንቺ ሁልጊዜ ከኋላ አትቆሚም።

«ብቻዬን ብቀርስ?» ትይኝ ይሆናል። ልትቀሪ ትችያለሽ። ያች ሚስት ለአንቺም ላትመጣ ትችላለች። አሁን ግን ተነሺ። ሰው ፊት እንዳትነግሪው፤ ቤቱ ሄደሽ፣ ለብቻው፣ በአክብሮት ንገሪው። ጀንበር ሳለች ድረሺ።