ከውስጥ የተቀረቀረው በር

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ደምሰው ይባላል። ከባዶ ተነስቶ ያፈራ ሰው ስለሆነ ሌባን አጥብቆ ይፈራል። የቤቱን በር ከወፍራም ብረት አሠራው፤ መስኮቱን በፍርግርግ አጠረው፤ ያም አልበቃ ብሎት ከውስጥ ጆንያ ደረደረበት።

ክረምት ገብቶ መዋዕለ ሕፃናት ሲዘጋ የአምስት ዓመት ልጁ ወለላና ገና መዳህ የጀመረው ወንድሟ ቤት ዋሉ። ሚስቱ እንዲህ አለችው፦

«ዝናቡ ልጆቹን ቤት አሰራቸው። ባዶ ካርቶኖቹን ስጠንና ጎጆ እንሥራላቸው። ጭቃ አቡክተንም ላምና በሬ ይሥሩበት።»

«ካርቶኑ ዕቃ ይያዝበታል፤ ጭቃው ምንጣፍ ያበላሻል» አለ ነጋዴው። «ልጅ አርፎ ሲቀመጥ ነው ደስ የሚለው።»

ስለዚህ የወለላ ክረምት በአንድ ቃል ታጠረ። ሚዛኑን አትንኪ። ጆንያውን አትንኪ። ከሁሉም በላይ የበሩን መቀርቀሪያ አትንኪ።

አንድ ቀን ሚስቱ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ሞግዚቷ አስካል እርጥብ ልብስ ይድረቅ ብላ በቅጡ ያልጋየ ከሰል ከነምድጃው ልጆቹ ወዳሉበት ክፍል አስገባች። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር። አስካል ውሃ ልትቀዳ ወጣ ከማለቷ ወለላ በሩን ገፍታ ዘጋችው፤ መቀርቀሪያውንም ሳበችው።

«ወለላዬ፣ ክፈቺ!» አለች አስካል በሩን እየገፋች። አስካል እየሮጠች ነጋዴውን ከመጋዘኑ ጠራችው።

«ወለላ! ክፈቺ! ማን ንኪ አለሽ? ቆይ፣ ዛሬ አልምርሽም!» እያለ በሩን ደበደበው። ከውስጥ የትናንሽ እግሮች ኮቴ ከበሩ ሲርቅ ተሰማ፤ ከዚያም አልጋው ተንሿሿ። ልጅቷ ሥሩ ገብታ ተደብቃለች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። በሩን በዲጂኖ ፈለቀቁት፤ ንቅንቅ አላለም፤ መስኮቱም በፍርግርጉና በጆንያው ተደፍኗል። ነጋዴው ራሱ ዲጂኖ እንዳይበግረው አድርጎ ነው ያሠራው። በያጅ ተጠራ፤ መብራት ጠፍቷል። ከበሩ ሥር የከሰሉ ሽታ እየከበደ ይወጣል። ነጋዴው ግን መጮኹን አላቆመም።

ጎረቤቱ እትዬ ጥሩወርቅ ክንዱን ያዙት። «እስቲ ዝም በል! በጮህክ ቁጥር ትሸሻለች። ልጅቷ ምን መጫወት ትወዳለች?»

ነጋዴው የትኛው እህል ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ጆንያ ነቀዝ እንደነካው ያውቃል። ይህን ግን አያውቅም።

«እኔ እንጃ» አለ።

«እኔ እንጃ? የገዛ ልጅህን? እሺ፣ አንተስ ልጅ ሆነህ ምን ትጫወት ነበር? ወይስ ሽማግሌ ሆነህ ነው የተወለድከው?»

ነጋዴው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አፉን ከበሩ ሥር አስጠግቶ፣ በደረቀ ድምፅ እንደ ድብብቆሽ ተጫዋች ተጣራ።

«ኩኩሉ!»

ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ደገመ።

«ኩኩሉ!»

ከአልጋው ሥር የደከመ ድምፅ መጣ፤ «አልነጋም…»

አስካል አፏን ይዛ አለቀሰች። ነጋዴው ግን ጨዋታው ልጅቷን እዚያው እንደሚያስቀራት ገባው፤ የተደበቀ ሰው አይወጣማ።

«ወለላዬ፣ አቃተኝ። በቃ ተሸነፍኩ። አሁን እኔ ልደበቅ፣ አንቺ ፈልጊኝ።»

«አትቆጣኝም?»

«በጨዋታ ማን ይቆጣል?»

ከአልጋው ሥር ስትወጣ ተሰማ፤ ኮቴዋም ወደ በሩ ቀረበ። ከዚያ፣ «አባ… መቀርቀሪያውን ልንካው?»

«ንኪው የኔ እናት። ንኪው!»

ሮጦ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል ጀርባ ተቀመጠ። ዝናቡ ይወርድበታል። በሩ አጠገብ «ኩኩሉ» የሚል ድምፅ ሰማ።

«ነጋ!» አለ ባለ በሌለ ኃይሉ።

ብረቱ ሲጢጥ አለ፤ ቆመ። እንደገና ሲጢጥ አለ። በሩ ተከፈተ።

አስካል በርራ ገብታ ሕፃኑን አወጣችው። አንገቱ ዘንበል ብሏል። እትዬ ጥሩወርቅ ከጣራው ክፈፍ ሥር አቅፈው ፊቱን አራገቡለት፤ ጀርባውን አሹት።  በመጨረሻ ሕፃኑ ሳለና አለቀሰ። ወለላ ግድግዳ ተደግፋ እየተንገዳገደች በርሜሉ ጋ ደረሰች።

«አገኘሁህ!» አለች። አባቷ እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ አቀፋት።

ልጆቹ ጤና ጣቢያ ተወስደው ከተረፉ በኋላ፣ አንዱ ጎረቤት «ጨዋታው አዳናቸው» አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጨዋታውማ ከአልጋው ሥር አወጣት። መቀርቀሪያውን ግን ‹ንኪው› እስኪላት አልነካችውም። እስትንፋስ እያጠራት እንኳ ፈቃድ ጠየቀች።»

ልጅን በቁጣ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። ዝም ያለ ልጅ ግን በጭንቅ ቀንም ዝም ይላል፤ ቁጣን የለመደ ጆሮ ሊያድነው የመጣውንም ይሸሻል። ክረምቱ ረጅም ነው። ባዶ ካርቶን፣ እፍኝ ጭቃ፣ እራፊ ጨርቅ፣ ከአባት ቀን ላይ የተቆረሰች ጥቂት ጊዜ፤ ወጪያቸው ይህን ያህል አይደለም። ትርፋቸው፣ ልጅ ድምፅህን ሲሰማ ወደ አንተ መምጣቱ ነው።

አንተስ፣ ዛሬ በሩ ከውስጥ ቢቀረቀር ልጅህን ምን ብለህ ትጠራዋለህ?