ሁለት ቁራጭ ብረት ለመሪው

ቁጭ በሉና ስሙኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ፤ ቆሜ የማወራበት ጉልበት የለኝም። የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር። ሁለት ቁራጭ ብረት፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ።

ባሌ ይርዳው መኪና ሠራ። ገዛ አላልኩም፣ ሠራ ነው ያልኩት። ሞተሩን ከአሮጌ ባጃጅ፣ መሪውን ከተጣለ ታክሲ አመጣ፤ ሌላውን ራሱ ቆርጦ ራሱ ገጣጠመ። ሦስት ዓመት ፈጀበት። ልጃችን ትንግርት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሳ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። ይርዳው "ልጄን በገዛ መኪናዬ ነው የማወርዳት" ብሎ ለክርስትና እናቷ ሳይቀር ነግሯል።

በሰባ ስድስተኛው ቀን ከነልጄ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠኝና እዚያው ግቢ ውስጥ መሪውን ወደ ግራ እስከ ጫፍ አዞረው። ከሥር ክርር አለ። ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፊት ጎማው ዞሮ ዞሮ የፍሬኑን ቱቦ ነክሶታል። ቱቦው ተልጦ ነጭ ክሩ ወጥቷል።

"ይርዳው፣ ጎማው ቱቦውን እየበላው ነው።"

"መንገድ ላይ ማን እስከ ጫፍ ያዞራል?"

"ኩርባው ላይ አህያ ቢገባብህስ?"

"አንቺ ደግሞ ካልፈራሽ አይነጋልሽም።"

"እንግዲያው በባጃጅ እንሂድ።"

"ሦስት ዓመት የለፋሁት ልጄን በሰው ባጃጅ ልወስዳት ነው?"

"ታዲያ ሁለት ብረት አስበይድበት። መሪው ሲዞር ቱቦው ጋ ሳይደርስ የሚያቆመው። አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ።"

ይርዳው ጭንቅላቱን አከከ። "ማገጃ ማለትሽ ነው። ብረቱንማ ከቆረጥኩት ሰነበተ። ጋሼ ደምሴ አልበይድም ብለው ነው እንጂ።"

ልጄን አዘልኩና ወጣሁ። ጋሼ ደምሴ ካልበየዱ ማገጃው የለም፤ ማገጃው ከሌለ ጎማው ቱቦውን ይበላል፤ ቱቦው ከተበላ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ልጄ ቁልቁለቱን አትወርድም።

ጋሼ ደምሴ በያጁ ከግቢያችን አጠገብ ናቸው። የብየዳ ጭንብላቸውን እንደ ባርኔጣ ወደ ላይ ገፍተው ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

"አንቺ አራስ አይደለሽም እንዴ? ፀሐይ ላይ ምን ያዞርሻል?"

"ጋሼ፣ ሁለት ብረት ይበይዱልኝ። ለመሪው።"

"እኔ መች ጠላሁ፣ ልጄ? ይልቅ ይሄን ስሚ።" ሰማሁ። ከግንቡ ማዶ ወፍጮው ያጓራል። "የእኔና የባለወፍጮዋ የብርነሽ የመብራት መስመር አንድ ነው። እሷ እየፈጨች እኔ ከበየድኩ ፊውዙ ይቃጠላል። ባለፈው አቃጥዬባት ሠፈሩ ሽሮ አጥቶ ዋለ። እስከ ዛሬ ስታየኝ 'ጨለማው መጣ' ነው የምትለው።"

ትንግርት ጀርባዬ ላይ አለቀሰች። እሹሩሩ እያልኩ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ወፍጮው ካልቆመ ጋሼ ደምሴ አይበይዱም፤ ጋሼ ደምሴ ካልበየዱ ማገጃው የለም፤ ማገጃው ከሌለ ጎማው ቱቦውን ይበላል፤ ቱቦው ከተበላ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ልጄ ቁልቁለቱን አትወርድም።

እትዬ ብርነሽ ዱቄት ለብሰው ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጥቷል። ጆሯቸው ላይ ጮህኩ።

"እትዬ፣ ግማሽ ቀን ያቁሙልኝ!"

"ይሄን ሁሉ ሰልፍ ትቼ? ጨለማው ነው የላከሽ?"

"ለልጄ ነው፣ እትዬ።"

ልጄን አዩና ድምፃቸው ለስለስ አለ። "ስሚ። ወፍጮዬ የሚቆመው ድንጋዩን ስወቅር ነው። ድንጋዩን የምወቅረው ደግሞ በርበሬ ፈጭቼ ሳበቃ ነው፤ ካልወቀርኩት ዱቄቱ ሁሉ ያቃጥላል። ዛሬ ወቅሬ ነገ በርበሬ ቢመጣብኝ እንደገና ልወቅር ነው። ክንዴ ብረት መሰለሽ?"

"የማን በርበሬ ነው የሚመጣው?"

"የእማማ አመለወርቅ ነዋ፤ የእናንተው ግቢ። የማኅበር ድግስ አለባቸው። ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ጠፉ።"

ተመለስኩ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። በርበሬው ካልተፈጨ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ጋሼ ደምሴ አይበይዱም፤ ጋሼ ደምሴ ካልበየዱ ማገጃው የለም፤ ማገጃው ከሌለ ጎማው ቱቦውን ይበላል፤ ቱቦው ከተበላ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ልጄ ቁልቁለቱን አትወርድም።

እማማ አመለወርቅ ከእኛ ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። በርበሬያቸውን ግንቡ ሥር ኬሻ ላይ አስጥተው በእጃቸው ያገላብጣሉ።

"እማማ፣ በርበሬውን ለምን አያስፈጩትም?"

አንዱን አንስተው አጠፉት። "ይኸው፣ እንደ ጆሮ ይታጠፋል። የደረቀ በርበሬ ይንኮሻኮሻል።"

"ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ?"

እማማ በአገጫቸው ወደ ግቢው መሐል ጠቆሙኝ። ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ጠዋት ማታ የማይለየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መሐል ያለው ሲሚንቶ። ሌላው የግንብና የአቮካዶ ጥላ ነው። ሲሚንቶው ላይ የይርዳው መኪና ቆማለች።

"ልጁ ደክሞበታል፣ ላስቀይመው አልፈልግም ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አሉኝ።

በልቤ ደገምኩት። መኪናዋ ካልተነሳች በርበሬው አይደርቅም፤ በርበሬው ካልደረቀ አይፈጭም፤ በርበሬው ካልተፈጨ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ጋሼ ደምሴ አይበይዱም፤ ጋሼ ደምሴ ካልበየዱ ማገጃው የለም፤ ማገጃው ከሌለ ጎማው ቱቦውን ይበላል፤ ቱቦው ከተበላ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ልጄ ቁልቁለቱን አትወርድም። ይሄን ሁሉ ስል ልጄ ሁለቴ አልቅሳ ሁለቴ ተኛች።

"ይርዳው፣ መኪናህን ከዚህ አንሳት።"

"አትነሳም" አለኝ፣ ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ። "የውሃውን ሮቶ ዞራ ነው የምትወጣው። ሮቶውን ለመዞር መሪው እስከ ጫፍ መዞር አለበት። እስከ ጫፍ ካዞርኩት ደግሞ ጎማው ቱቦውን…"

ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁት።

"ቱቦውን ምን?" አልኩት።

"ይበላዋል" አለ፣ በቀስታ።

ማገጃው ከሌለ መኪናዋ አትነሳም። መኪናዋ ካልተነሳች በርበሬው አይደርቅም፣ አይፈጭም፤ ካልተፈጨ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ጋሼ ደምሴ አይበይዱም፤ ካልበየዱ ማገጃው የለም። የተነሳሁበት ቦታ ተመልሼ መጣሁ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ አማረኝ፤ እሱም ድካም ሆነብኝ።

ከዚያ ተነሳሁ። "እማማ፣ ልጄን ይያዙልኝ።"

ልጄን ሰጠኋቸው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። የመኪናዋን የፊት ብረት በሁለት እጄ ያዝኩና ወደ ላይ ሳብኩ።

"በስመ አብ!" እማማ ጮኹ። "ወገብሽ ገና ሳይጠና! አንተ ይርዳው፣ ሚስትህን ልትገድላት ነው?"

ይርዳው ከሥር ዘሎ ወጣ። "ልቀቂ! ልቀቂ እንጂ!"

"አልለቅም። ማዞር ካልቻልክ ተሸከማት።"

"መኪና ይሸከሟል?"

"ማገጃ የሌላትን ይሸከሟል።"

እጄ አልለቅ ሲለው ወደ በሩ ሮጦ ተጣራ። ጋሼ ደምሴ ጭንብላቸውን እንዳደረጉ መጡ። ከወፍጮው ሰልፍ ሁለት ሰዎች መጡ። እኔን ገፍተው አስወጡኝና በአራቱም ጥግ ያዙ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!"

"ይሄ መኪና ነው ወይስ አልጋ?" አለ አንደኛው።

"ቅለቷ ነው ጥሩነቷ" አለ ይርዳው፣ እያለከለከ።

አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርገው አቮካዶው ሥር አስቀመጧት። ሲሚንቶው ባዶ ሆነ፣ ፀሐዩ ወረደበት።

ከዚያ ወዲያ እኔ የምሠራው አልነበረም። መኪናዋ ተነሳች፤ በርበሬው ሲሚንቶው ላይ ተሰጣ። በሁለት ቀን ተኩል ደረቀ፤ እማማ አንዱን ጆሮዬ ሥር ሰብረው አሰሙኝ። በርበሬው ተፈጨ፤ ሠፈሩ ሁሉ አነጠሰ። እትዬ ብርነሽ ድንጋዩን ሊወቅሩ ወፍጮውን አቆሙ። ወፍጮው ዝም ሲል ጋሼ ደምሴ የብየዳ ገመዳቸውን በግንቡ ላይ ወደ ግቢያችን አሻግረው ጭንብላቸውን አወረዱ። ይርዳው የተላጠውን ቱቦ አውልቆ አዲስ አስገባ። ሁለቱ ብረቶች ተበየዱ፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ሰባ ዘጠነኛው ቀን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ።

"ነይ እዪው" አለኝ ይርዳው።

እኔው ራሴ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ወደ ግራ አዞርኩት። ቋ! ቆመ። ወርጄ አየሁ፤ በጎማውና በቱቦው መሐል ሁለት ጣቴ ይገባል። ወደ ቀኝ አዞርኩት። ቋ! ቆመ። ወርጄ አየሁ።

"በቃሽ?" አሉኝ ጋሼ ደምሴ።

"አንዴ ልድገም።"

ደገምኩ። አራት ጊዜ ወረድኩ፣ አራት ጊዜ ወጣሁ። ማንም አልሳቀብኝም። ሌላ ቀን ቢሆን ይርዳው ይስቅ ነበር።

መጨረሻ ላይ መጥቶ በሩን ተደገፈ። እጁ ጥላሸት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚች መኪና ነገረኝ እንጂ ጠይቆኝ አያውቅም።

"ነገ እንሂድባት?" አለኝ።

መሪውን አንዴ ጨበጥ አድርጌ ለቀቅኩት።

"እንሄድባታለን" አልኩት።

የእኔ ወሬ እዚህ ላይ ቆመ። የሚቀጥል ካለ ይቀጥል፤ እኔ ልጄ ሳትነቃ ጋደም ልበል።