ጫማዎን አውልቀው ይንኳት

አንዲት ሴት የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ተቀጠረች። ሥራዋ ምድጃው ሰው እንዳይጎዳ መርምሮ መፈረም ነው። እሷ ካልፈረመች አንድም ምድጃ ከግቢው አይወጣም። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ስንት ወዳጅ ይኖረዋል? አትሳቁ! ምሳዋን እንኳ ብቻዋን ነበር የምትበላው።

ስሟ ትርሲት ነው። የምድጃዋን ንድፍ ያወጣው ደግሞ ኢንጂነር ዳምጠው ይባላል፤ ጎበዝና የተከበረ ሰው ነው። ለዚህች ምድጃ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞላታል። ደግሞ ስታምር! ቀይ ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ ፀጉር ማበጠር ይቻላል። ስድስት መቶ ምድጃ በካርቶን ታሽጎ ተጭኗል፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል። የቀረው የትርሲት ፊርማ ብቻ ነው።

ትርሲት አንዷን ከካርቶን አስወጥታ ሰካቻት፣ እስክትግል ጠበቀች፣ መለኪያዋን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ኢንጂነሩን ጠራችው።

“ኢንጂነር፣ ስትግል ኤሌክትሪኩ ወደ ውጪው ብረት ይወጣል። ትነዝራለች።”

“ትነዝራለች?” ሳቀ። “እዚህ ቤት አርባ ሰው አለ። አርባውም እሷን ሲነካ ነው የሚውለው። ማን ነው የተነዘረው? አንተ ተነዝረሃል? አንቺስ?” ሠራተኞቹ ሁሉ “ኧረ አልተነዘርንም” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። “መለኪያሽን አስጠግኚው፣ እህቴ።”

እውነቱን ነው እኮ ወገኖቼ! አንድም ሰው አልተነዘረም። ታዲያ መለኪያው ዋሸ?

ትርሲት ወደ ታች አየች። አርባው ሰው ምን ተጫምቷል? ወፍራም የጎማ ሶል ያለው የሥራ ጫማ! የፋብሪካው ደንብ ነው፤ ያለ እሱ ዘበኛው አያስገባም። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አያችሁልኝ ጉዱን? ሠራተኛውን ከአደጋ የሚጠብቀው ጫማ የምድጃዋን ጥፋት ሸፈነላት! ግን ማነው በየቤቱ በጎማ ጫማ ወጥ የሚሠራ?

ትርሲት ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ “ኢንጂነር፣ እንግዲያው ጫማዎን አውልቀው ይንኳት።”

ኢንጂነሩን እልህ ያዘው። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ። አንዱን አወለቀ። ሁለተኛውን አወለቀ። ካልሲውንም አወለቀ! ሲሚንቶው ጠዋት ታጥቦ ገና እርጥብ ነው። እጁን ዘረጋ።

ትርሲት ቀድማ ሶኬቱን ነቅላዋለች፤ ሰውዬውን ልትገድለው አይደለማ! እሱ ግን አላየም። እጁ አየር ላይ ቀረ። አስቡት እስቲ፣ ሁለት ዓመት የደከመላትን፣ በገዛ እጁ የነደፋትን ምድጃ መንካት ፈራ!

ወዲያው ፊቱ ልውጥ አለ። ለምን? የመጀመሪያዋን ምድጃ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ፊርማ እንኳ ሳይጠብቅ፣ ለታላቅ እህቱ ለእትዬ ዘነቡ ወስዶላት ነበር። እናትና አባት ሲያልፉ ያሳደገችው እሷ ናት። ማድ ቤቷ ሲሚንቶ ነው። እሷም ወጥ ስትሠራ እንደ ማንኛውም ሰው እጇ እርጥብ፣ እግሯ ባዶ ነው።

ባዶ እግሩን እንደቆመ ስልኩን አወጣ። ይጠራል። አይነሳም። እንደገና ደወለ። ይጠራል፣ ይጠራል…

“አቤት?”

“እትዬ! ምድጃዋን እንዳትነኪያት!”

“ምነው? አንተንም ነዘረችህ እንዴ?”

አንተንም! ሰማችኋት? አንተንም አለችው!

“እትዬ፣ አንቺን ነዝራሻለች?”

“ያመጣህልኝ ቀን ነው። ክንዴን ይዛኝ ነበር። ከዚያ ወዲህማ ሸበጤን አጥልቄ፣ ጨርቅ ይዤ ነው የምጠጋት። ለመድኳት።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ውይ! እንደዚያ ደስ ብሎህ ተሸክመህ አምጥተህልኝ፣ በምን አፌ ነዘረችኝ ልበልህ? ቅር ይልሃል ብዬ ነው።”

ኢንጂነር ዳምጠው ካርቶኑ ላይ ተቀመጠና በሠራተኞቹ ፊት አለቀሰ። ከዚያ ብድግ ብሎ “ትርሲት፣ እንዳትፈርሚ! ከመኪናው አውርዱ!” ብሎ ጮኸ። ንድፉን ዘርግቶ ወንበር ሳበላት። ሽቦው ሙቀት የሚችል ሽፋን እስኪለብስ፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦም እስኪገባ ድረስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠሩ። የሚቀጥለውን ምድጃ ሲነድፍ ደግሞ ገና እርሳሱን ሳያስቀምጥ “ትርሲት፣ ነይ እስቲ፣ ይቺ የት ላይ ነው የምትነዝረው?” ይላት ጀመር። ምሳም አብረው ይበሉ ጀመር!

ወገኖቼ፣ አሁን ምድጃውን እንተወውና ወደ እኛ እንምጣ።

እኛ ራሳችንን የምንፈትነው የት ነው? እዚህ ጉባኤ ላይ ነው! እዚህ ሁሉም ተጫምቶ ነው የሚገናኘን። “እንደምን ሰነበታችሁ፣ ደህና ነን” እንባባላለን፣ ማንም ማንንም አይነዝርም። “እኔ እኮ ከሰው ተጣልቼ አላውቅም” ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ከጎረቤት አልተጣላችሁም። ቤታችሁ ያሉት ግን ባዶ እግራቸውን ናቸው። በቁጣ ስትግሉ የሚነኳችሁ እነሱ ናቸው።

እስቲ ልጃችሁን አስተውሉት። አንድ ነገር ሊነግራችሁ ሲፈልግ መጀመሪያ ፊታችሁን ያያል አይደል? “ዛሬ አባባ እንዴት ነው?” ብሎ እናቱን ይጠይቃል አይደል? ምን እያደረገ መሰላችሁ? ሸበጥ እያጠለቀ ነው! ሚስትህ ነገሩን ስትጀምር ድምጿን የምታለሳልሰው ለምን ይመስልሃል? ጨርቅ ይዛ እየተጠጋችህ ነው። አንተ ደግሞ “ቤቴ ሰላም ነው” ትላለህ። ሰላም ስለሆነ ነው ወይስ ስለለመዱህ?

እኔ የምናገረው ራሴንም ነው። የእኔም ቤት ሸበጥ ሞልቶበታል።

እግዚአብሔር መለኪያ የያዘ ሰው ሲልክላችሁ “መለኪያህን አስጠግን” ብላችሁ አትመልሱት! ያ ሰው ጠላታችሁ አይደለም። ንድፉ ላይ እንዳላችሁ፣ ገና ሳትታሸጉ ጥሩት፤ ወንበር ሳቡለት፣ የት ላይ እንደምትነዝሩ ያሳያችሁ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ “እኔ እነዝራለሁ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ቶሎ አይመልሱላችሁም፤ ቅር እንዳይላችሁ ይፈራሉ። “ኧረ ምንም የለም” ይሏችኋል። አትመኑ! ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ደግማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሲነግሯችሁ አትከራከሩ። አልቅሱ፣ ሽቦውንም ቀይሩ። የምንወዳቸው ሰዎች ፈርተው ሳይሆን ወደው የሚነኩን እንሁን። ዛሬ ቤት አሉ፤ ሂዱና ጠይቋቸው!