የአያ ጥላዬ ሆድ

አንድ ሰው ነበር። አዲስ ጫማ ገዛ።

ጫማ መግዛት ኃጢአት ነው? አይደለም። እናንተም ገዝታችኋል። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተደርድሮ አይቼዋለሁ። አንዳንዶቻችሁማ ሰው እንዳይቀይርባችሁ ስትሰጉ ግማሽ ልባችሁን እዚያው ትታችሁ ነው የገባችሁት።

አሁን ግን ሁላችሁም በባዶ እግራችሁ ናችሁ። የኅዳር ውርጭ ከምንጣፉ ሥር እየመጣ ነው። አንዱን እግር አንሥታችሁ በሌላው ላይ ስታሹት ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እሰየው! እንደዚያው ቁሙና ስሙኝ፤ የዛሬው ነገሬ ስለ እግር ነው።

ሰውየው ወንድይፍራው ይባላል። አገሩ መንዝ ነው፣ ጓሳ ከሚባለው ሳራም ተራራ በታች፣ አፋፍ ላይ ካለች አንዲት መንደር። ጊዜው አያቶቻችሁ ጎልማሶች የነበሩበት ዘመን ነው። ወንድይፍራው ተኳሽ ነበር፣ ያውም እጁ የማይስት ተኳሽ። ይህንንም ከማንም በፊት ራሱ ይነግራችኋል።

በዚያ ዓመት መንደሩ ላይ ነብር ወረደ። መጀመሪያ በጨለማ እየመጣ በግ ወሰደ። ቀጥሎ ደፈረና በቀን መጣ። ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ሰባት በግ ነበራቸው፤ አንዲት ቀረቻቸው። ይባስ ብሎ አንድ ረፋድ እንስራ አዝለው ምንጭ ሲወርዱ፣ ነብሩ ከምንጩ በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ቁልቁል እያያቸው አገኙት። እንስራውን ጥለው ሮጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ውኃ የሚቀዳ ጠፋ። አስቡት፣ ምንጩ ከቤታችሁ በታች እየፈሰሰ ልጆቻችሁ በጥም ሲያለቅሱ።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። በመንደሩ ያለው መሣሪያ አንድ ነው፣ የአያ ጥላዬ ምንሽር። ጥይቱም ሦስት ብቻ። አያ ጥላዬ በጉልምስናቸው ስማቸው የተጠራ አዳኝ ነበሩ። አሁን ግን ሸምግለዋል፣ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። ማንም ሳይጠይቃቸው ምንሽሩን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ዓይኔ ከዳኝ እንጂ መሣሪያው አልከዳኝም» አሉ። «ለወንድይፍራው ስጡት። ነብሩ የሚመላለስበትን እኔ አሳየዋለሁ።»

ስንቶቻችን ነን እንዲህ ብለን ያለንን የምናስረክብ? ስንቶቻችን ነን እጃችን እየተንቀጠቀጠ እንኳ ወንበሩን አንለቅም የምንል? ይህን ለሌላ ቀን ልተወው።

ያን ዕለት ነብሩ አንድ ሙክት ገድሎ ግማሹን በልቶ፣ የቀረውን ጓሳው ላይ ካለ የጅባራ ተክል ሥር ደብቆት ሄዶ ነበር። እንደሚመለስበት አያ ጥላዬ ያውቃሉ። በማግስቱ ወገግ ሲል ሁለቱ ሊወጡ ተነሡ፤ መንደርተኛው ሊሸኛቸው ወጣ። ወንድይፍራው ያንን አዲስ ቦት ጫማ ተጫምቶ መጣ። ብርድ እንዳይነካው ሦስት ካልሲ ደራርቦ፣ እግሩን በግድ ጠቅጥቆ አስገብቶ፣ ክሩን ደግሞ የበቅሎ መቀነቻ እንደሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ነክሶ አጥብቆታል።

አያ ጥላዬ ጫማውን አዩት። ከጉያቸው አንድ እቅፍ የደረቀ የጓሳ ሳር አወጡ።

«ልጄ፣ ይህንን ያዝ። አቀበቱ ላይ ያልብሃል። ላቡ ኋላ ቁጭ ስትል በረዶ ይሆንብሃል። እላይ ስንደርስ አውልቀህ እግርህን ታደርቅና ሳሩን ትጎዘጉዝበታለህ። ካልሲውም አንድ ይበቃሃል፤ እግርህ ሳይላወስ አይሞቅም።»

ወንድይፍራው ሰዉን ዞሮ አየ። ከዚያ ምን አለ?

«አያ ጥላዬ፣ ሳሩን ለበቅሎዎ ይስጧት። የእኔ እግር ሳር አይበላም።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ትርንጎ እንኳ በዚያ ሐዘናቸው መሐል ሳቁ። አያ ጥላዬ ሳሩን መልሰው ጉያቸው ከተቱትና መንገዱን ጀመሩ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔን ከጠየቃችሁኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ። ቄስ ብሆንም «በል እንግዲህ፣ ከነጫማህ ሂድ» ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። መሣሪያው የእሳቸው፣ መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው፣ የተሳቀባቸውም እሳቸው! እሳቸው ግን ፊት ፊት ሄዱ። ምንጩን እያሰቡ ነበር።

አቀበቱ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሳሩ ሁሉ አመዳይ ለብሷል። ወንድይፍራው በላብ ተጠመቀ። ከድንጋዩ ከለላ ሲደርሱ አያ ጥላዬ ጫማውን በጣታቸው አመለከቱት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። አላወልቅም ማለቱ ነው። ጅባራው ከፊት ለፊታቸው ነው፣ የሙክቱም ሬሳ ከሥሩ ይታያል። ወንድይፍራው በደረቱ ተኝቶ አነጣጠረ። ጥበቃ ተጀመረ።

ያ ቦታ ፀሐይ እስከ ረፋድ አይገባበትም። መጀመሪያ ጣቶቹን አቃጠለው። ከዚያ ወጋው። ከዚያ ደግሞ ምንም አልተሰማውም፤ ምእመናን፣ የሚያስፈራው እሱ ነው። እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የሌላ ሰው ሆነ። ቆፈኑ ወደ ጉልበቱ ወጣ፣ ከጉልበቱ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ ክንዱ። የምንሽሩ አፈሙዝ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ የማይስተው እጅ! ብርድ የገባው ከእጁ ነበር? አይደለም፤ ከእግሩ ነው።

በሦስት ሰዓት ገደማ ነብሩ ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለ። ልክ በዚያን ሰዓት ወንድይፍራው አልቻለም፤ እግሩን አነሣና ድንጋዩን ረገጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የረገጠው። ቆቅ ብር ብላ ተነሣች። ነብሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጆሮውን ጣለ፣ ወደ አስታው ተመልሶ ገባ።

ሄደ? አልሄደም፤ ርቦታል። ከውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። አሁን አንድ ኮሽታ ከሰማ ግን ይሄዳል፤ ነገም ምንጩ ላይ ይገኛል።

አያ ጥላዬ በሆዳቸው ተስበው ወደ ወንድይፍራው እግር መጡ። ክሩ በረዶ ሆኖ አልፈታ አላቸው። ሰንጢ አወጡና ያንን አዲስ ክር ቀጭ አደረጉት። ጫማውን ቀስ አድርገው ሳቡ። ሦስቱን እርጥብ ካልሲ አንድ በአንድ ገፈፉ። በዚያ በተሳቀበት ሳር እግሩን አደረቁት። ከዚያ ምን አደረጉ? ደበሏቸውን ገለጥ፣ እጀ ጠባባቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረጉና፣ እነዚያን እንደ ድንጋይ የቀዘቀዙ ሁለት እግሮች ወስደው ባዶ ሆዳቸው ላይ ለጠፏቸው።

ወንድይፍራው ደነገጠ። ብርዱን ረሳው። እግሩን ሊነጥቅ ሞከረ።

«አያ፣ በእግዚአብሔር ይተዉ!» አለ በሹክሹክታ። «ነውር ነው። እኔ ነኝ የእርስዎን እግር ማጠብ ያለብኝ።»

«ዝም በል።»

«ጣቴ ይቆረጥ፣ ይህንን አልሸከምም።»

«ዓይንህን ከጅባራው ላይ አታንሣ አልኩህ። ነውር የሚሆነው ባዶ እጃችንን ወርደን ለትርንጎ ውኃ የለም ስንላት ነው።»

ወንድይፍራው ዓይኑን ወደ ጅባራው መለሰ። ደበሎው በላዩ ተደረበ። አንድ ሽማግሌ ብርዱ ሆዱን ሲቆርጠው ጥርሱን ነክሶ፣ የሰደበውን ሰው እግር አቅፎ ተኛ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ደሙ መመለስ ጀመረ፤ እግሩ ተቆጠቆጠ፣ ሞቀ። ወገቡ ተፈታ። አፈሙዙ ጸጥ አለ።

ነብሩ ወጣ። ግራና ቀኝ አየ። ሙክቱ ላይ ጎንበስ ሲል ወንድይፍራው ቃታውን ሳበ። በአንድ ጥይት ነብሩ ባለበት ወደቀ።

እንግዲህ ነብር የገደለ ሰው እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። እልልታው ከአፋፉ ጀምሮ ተቀበላቸው። ወንድይፍራውን መሐል አቆሙት። ፎክር አሉት። የሚፎክር ሰው ማንን ይጠራል? አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል፣ የገዛ ክንዱን ያወድሳል። ሰዉም ይህንኑ ነበር የጠበቀው፤ ያ ጉረኛ ወንድይፍራው ዛሬ አፉን ከፍቶ እስኪመሽ እንደማይዘጋ። እሱም በባዶ እግሩ መሐል ሜዳው ላይ ቆመ። ምንሽሩን ከፍ አደረገ።

«ዘራፍ!
ነብሩን ማን ገደለው ብሎ ለጠየቀ፣
የጥላዬ ሆድ ነው እግሬን ያሟሟቀ!»

ይህንን ብሎ ምንሽሩን አወረደ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰዉ አልገባውም፤ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ የሆነውን ሁሉ፣ ረገጣውንም ሳይደብቅ፣ አንድ በአንድ ነገራቸው። በጠዋት የሳቁት ሁሉ አቀረቀሩ።

አያ ጥላዬስ? ጥግ ላይ በደበሏቸው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከጉያቸው ያንን ሳር አወጡ።

«ታዲያ ይህንን አሁን ለበቅሎዋ ልስጣት?» አሉ።

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። አሁን ግን ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ወንድይፍራው ነበር፤ እየሳቀም ያለቅስ ነበር።

ብርዱ አያ ጥላዬን ሆዳቸውን መታቸው። እስከ ገና ተኙ። ወንድይፍራው በየማለዳው ከምንጩ በእንስራ ውኃ አዝሎ እየወጣ፣ ወንድ ልጅ እንስራ አዘለ ብለው ሲስቁበት እየሰማ፣ ውኃውን አሙቆ እግራቸውን አጠበ። ተነሡ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ ወንድይፍራው ራሱ ሸብቶ ነበር። ቃሬዛው ሲነሣ ጎበዛዝቱን ገፋ አድርጎ መጣ። «በእግራቸው በኩል የምይዘው እኔ ነኝ» አለ። እስከ መቃብር ድረስ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም።

እኔ የዚያች መንደር ልጅ ነኝ። ከዚያ ምንጭ ጠጥቼ ነው ያደግሁት። ይህንን ስነግራችሁ ደረቴ ይነፋል፤ ቄስ ይኮራል ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ እኮራለሁ!

ትዕቢት ሌላ ነው። ትዕቢት ያ የጠበቀ ክር ነው። «አላወልቅም» የሚለው ነው። የምነግራችሁ ኩራት ግን ሜዳው መሐል ቆሞ የሌላውን ስም የሚጠራው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወዴት ትሸሻላችሁ? ጫማችሁ ደጅ ነው።

አንተ ዘንድሮ ተመርቀህ ፎቶህን ግድግዳ ላይ የሰቀልህ ልጅ፣ እግርህ የማን ሆድ ላይ ነበር? አንቺ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያበቃሽ፣ በምጥሽ ቀን ጎረቤትሽ ቤቷን ዘግታ አልነበረም የመጣችው? ስሟን ጠርተሽ ታውቂያለሽ? አንተ ወንበር ላይ የተቀመጥህ፣ ወንበሩን ለቅቆ የሰጠህ ሰው ዛሬ የት ነው ያለው? እኔም ራሴ፣ ይህንን ካባ የለበስሁት ስንት እናቶች ለተማሪ ቁራሽ ስለ ሰጡኝ ነው። ስማቸውን ልጥራ ብል ይመሽብናል፤ ግን የጠራሁት መቼ ነው? ወቀሳው ከእኔ ይጀምር።

እናንተ ደግሞ እግራችሁ በቆፈን ተይዞ «ደህና ነኝ» የምትሉ አላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ታማችሁ፣ ከሚስታችሁ ተኳርፋችሁ፣ ልጃችሁ ጠፍቶባችሁ፣ እዚህ መጥታችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችሁ ትወጣላችሁ። አውልቁት! ሽማግሌው በጣቱ ሲያመለክታችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። እግሩን ለጌታው መስጠት አፍሮ እንቢ ያለ ሐዋርያ ነበር፤ ጌታ ግን ጎንበስ ብሎ አጠበው። ፈጣሪ ከእግራችን በታች ከወረደ፣ እናንተ ከማን ትበልጣላችሁና ነው እርዳታ የምታፍሩት?

ደግሞም ሆድ ያላችሁ፣ የተሰደባችሁ፣ የተሳቀባችሁ! ያ የሳቀባችሁ ሰው ዛሬ እየበረደው ይሆናል። ምን ታደርጋላችሁ? ቤት ትገባላችሁ? ወይስ ደበሏችሁን ትገልጣላችሁ? ምንጩን አስቡ። ከታች ውኃ የሚጠብቁ ልጆች አሉ።

እንግዲህ ልጨርስ፤ እግራችሁን አይቻለሁ። አሁን ትወጣላችሁ። ደጃፉ ላይ ትቀመጡና ጫማችሁን ታደርጋላችሁ። ክሩን ከማሰራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆም በሉ። ያ እግር ሕፃን ሆኖ ሳለ ጀምሮ ማን አሙቆት እዚህ እንደ ደረሰ አስቡ። ያ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ወደ ቤቱ ሂዱ። ካረፈም ስሙን በመንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ጮክ ብላችሁ ጥሩት።

እኔ የእኔን እጠራለሁ፤ ወይዘሮ ትርንጎ። የዚያችን የቀረቻቸውን አንዲት በግ ወተት እያጠጡ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው።