ያልታረሙት ተማሪ

አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነበር፤ ወደ ኬንያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ባለች ከተማ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ። ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ያለው አንድ ክፍል፣ ስምንት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንዲት መምህርት ነው። መምህርቷ ትርሲት ትባላለች። ናይሮቢ አሥር ዓመት ሠርታ የተመለሰች ስለሆነች ስዋሂሊን አቀላጥፋ ትናገራለች። ከሥራ መልስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሾፌሩም ቸርቻሪውም የጉምሩክ ሠራተኛውም እዚያች ክፍል ይሰበሰባል። ወፍጮው ስለሚጮህ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚማረው። በውጭ ለሚያልፍ ሰው ጠብ የተነሣ ይመስለዋል።

ትርሲት ስሕተት የምታሳልፍ ሰው አልነበረችም። በተለይ ዝናሽ የምትባለዋን ሽንኩርት ነጋዴ መከራዋን ታሳያት ነበር።

«ደግመሽ በይው» ትላታለች።

«ኧረ መምህርት፣ ምን በደልኩሽ? አንድ ቃል ሳልጨርስ እኮ ነው የምታስቆሚኝ!»

«እንዳይለምድብሽ ነው። አንዴ ከለመደብሽ አይለቅሽም።»

ክፍሉ ይስቃል፣ ዝናሽም አብራ ትስቃለች፣ ከዚያ ደግማ ትለዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ከሞያሌ ማዶ ካሉ ነጋዴዎች ጋር በስልክ መነጋገር ጀመረች።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳና አቶ ዱባለ ገቡ። አቶ ዱባለን በዚያች ከተማ የማያውቅ የለም። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ወሰኑ የተገፋበት ገበሬ፣ ደም የተቃባ ጎረቤት፣ ሁሉም የሚሄደው እሳቸው ደጅ ነው። ሲናገሩ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚያዳምጣቸው። ተማሪው ሁሉ ብድግ አለ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ኧረ ቁጭ በሉ!» አሉ አቶ ዱባለ። «እኔም እንደናንተው ልማር ነው የመጣሁት።» ከዚያም ወደ መምህርቷ ዞረው ነገሩን አስረዷት። አንዲት ልጃቸው ሰናይት ናይሮቢ ስትሠራ ከአንድ የዚያው አገር ልጅ ጋር ተዋደደች። የልጁ ቤተሰቦች ከስምንት ወር በኋላ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ። «የሰው ልጅ ሲዳር ስንት ዘመን አፍ ሆኜ ኖሬያለሁ» አሉ። «የራሴን ልጅ ግን በአስተርጓሚ አፍ አልሰጥም። ሲመጡ እኔው ራሴ አነጋግራቸዋለሁ።»

ትርሲት ደስ አላት። ምክንያቱም የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናትና አባቷ ሊፋቱ ዕቃ ተካፍለው ነበር። ያን ቀን አቶ ዱባለ መጥተው ከጧት እስከ ማታ ተቀምጠው አስታርቀዋቸዋል። ቤታቸው ያልፈረሰው በእሳቸው ነው። እንግዲህ እሳቸውን ማስተማር ለትርሲት ትልቅ ነገር ነበር።

የመጀመሪያ ቀን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አስደገመቻቸው። አቶ ዱባለ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እንደ ልማዳቸው ጎላ ባለ ድምፅ ተናገሩ። የተናገሩት ከራሱ እስከ እግሩ ስሕተት ነበር። ትርሲት ልታርማቸው አፏን ከፈተች። ክፍሉ ሁሉ ያያታል። ሽበታቸውን አየች፣ አባቷን አስታወሰች።

«ጎበዝ፣ አባባ» አለች።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን ዛሬ ያላረመችውን ነገ ማረም ደግሞ ይከብዳል፤ «ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልሽ?» ቢሏትስ? ስለዚህ በማግሥቱም «ጎበዝ»፣ በሳምንቱም «ጎበዝ»፣ በወሩም «ጎበዝ»። አቶ ዱባለ ልባቸው ሞላ። ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመሩ። በስሕተት ላይ ስሕተት እየደረቡ፣ ማንም ያላስተማራቸውን የራሳቸውን ስዋሂሊ ሠሩ። ትርሲት ብቻ ትሰማቸዋለች፤ እናት የሕፃን ልጇን ኮልታፋ አፍ እንደምትሰማው፣ ስለለመደችው። እንዲህ ዓይነት ደግነት አያድርስ ነው፣ ግን ስንቶቻችን እሷን ሆነን ሌላ እናደርግ ነበር?

ዝናሽ ግን አልቻለችም። አንድ ቀን ተማሪው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደ መምህርቷ ተጠግታ፣ «መምህርት፣ እኔ አብሬያቸው የምማረው እንኳ እሳቸው የሚሉት አይገባኝም። ለእንግዶቹ እንዴት ሊገባቸው ነው?» አለቻት።

«ዝም በይ አንቺ! ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እሺ፣ ዝም አልኩ» አለች ዝናሽ ነጠላዋን እያጣፋች። «ትንሽ ሰው መሆኔን ተመስገን፤ እኔን እንኳ ታርሚኛለሽ።»

ፋሲካ ሲቃረብ ሌላ ነገር መጣ። የአቶ ዱባለ ባለቤት፣ ወይዘሮ ተናኜ፣ ታመሙ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ቀጠሮው ሽማግሌዎቹ ከሚመጡበት ቀን ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰናይት ከናይሮቢ መጥታ እናቷን እያስታመመች ነበር፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ወይዘሮ ተናኜም፣ «ሰናይቴ አጠገቤ ከሌለች እኔ አልጋው ላይ አልወጣም» ብለዋል። ሙሽራው ሥራ ይዞት ከሽማግሌዎቹ ኋላ ነው የሚደርሰው፤ ሰናይትም በስልክ አልነገረችውም፤ «በወጉ መሠረት አባት ለአባት ይናገር» ብላ ለአባቷ ተወችው።

አቶ ዱባለ ክፍል መጥተው አንዲት ንግግር ሳምንት ሙሉ ተለማመዱ፤ «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፤ ነገር ግን እናቷ ታክማ እስክትድን ድረስ ሦስት ወር እኛ ዘንድ ትቆይልን።» በመጨረሻው ቀን ከትምህርት በኋላ ቀሩና ትርሲትን ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይገባቸዋል?»

እውነቱን መናገሪያዋ ሰዓት ይህች ነበረች። ሰውም አልነበረ፣ ወፍጮውም ቆሟል።

«አዎ አባባ። በደንብ ይገባቸዋል» አለች።

ቀኑ ደረሰ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱም ሙሽራውም ሸንጎው ላይ አይገኙም። ሰናይት ንግግሩ ከማይሰማበት ጓዳ ከእናቷ ጋር ናት፣ ሙሽራው ገና በመንገድ ላይ ነው። የልጁ አባት፣ ሁለት አጎቶቹና አክስቱ በክብር ተቀመጡ። በወዲህ በኩል ደግሞ አቶ ዱባለና አሥራ አምስት የሚሆኑ የከተማው ሽማግሌዎች። ትርሲት ከአቶ ዱባለ አጠገብ ናት፤ «አስተማሪዬን ከጎኔ አስቀምጡልኝ» ብለው ነው። አስተርጓሚ ግን እንዳይኖር አስቀድመው ከልክለዋል።

አቶ ዱባለ ተነሡ። በሙሉ ድምፅ፣ በሙሉ ግርማ ተናገሩ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አክስቲቱ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ፈታች። ከዚያ የልጁ አባት ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌሎቹም ነቀነቁ፣ አጨበጨቡ። የከተማው ሽማግሌዎች «እሰይ! እሰይ!» አሉ። «ይኸው ዱባለ በባዕድ ቋንቋም ያው ዱባለ ነው!»

የልጁ አባት በተራው ተነሣ። ስለ ምርቃቱ አመሰገነ፤ ምርቃት መስሎት ነበርና። ቀጥሎም ሐሙስ ጧት በአውቶቡስ ሙሽሪትን ይዘው እንደሚሄዱ፣ ቅዳሜ አገራቸው ድግስ እንደተደገሰ ነገራቸው። አቶ ዱባለ ከዚህ ሁሉ ሦስት ቃል አልያዙም። ቢሆንም ፈገግ ብለው፣ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለቱም አባቶች ተስማምተዋል፤ የተስማሙበትን ግን አንዳቸውም አያውቁም። የምታውቀው ትርሲት ብቻ ነበረች። ከጓዳ የወይዘሮ ተናኜ ሳል ይሰማታል። ሐሙስ ማለት ከነገ ወዲያ ነው።

«እንግዲህ ቃል ከቃል ተገናኘ» አሉ ዕድሜያቸው የገፋው ሽማግሌ። «እንነሣና እንመርቅ።»

ከተመረቀ በኋላ ነገር አይመለስም። ሽማግሌዎቹ ለመነሣት ጉልበታቸውን ሲይዙ ትርሲት ተነሥታ ቆመች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልገባቸውም።»

«ማን ነው ያልገባው?» አሉ አቶ ዱባለ።

«እንግዶቹ። እርስዎ ያሉት አልገባቸውም፤ እርስዎም እነሱ ያሉት አልገባዎትም። ሐሙስ ጧት ይዘዋት ሊሄዱ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ! ይኸው እሺ እያሉ፣ እያጨበጨቡ!»

«እሺ ያሉት እርስዎን ላለማሳፈር ነው» አለች ትርሲት፤ ዕንባዋ መጣ። «እኔም ስምንት ወር ሙሉ ያደረግሁት ያንኑ ነው።»

የአቶ ዱባለ ፊት ደም መሰለ። በዚያች ከተማ ማንም ሰው፣ በቤታቸው፣ በእኩዮቻቸው ፊት እንዲህ ብሏቸው አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ። እውነቱን ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።»

«አከብርዎታለሁ፣ አባባ። እሱ ነው ያስዋሸኝ።»

«ብታከብሪኝማ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ፤ «ብታከብሪኝማ ተናኜን ያለ ልጅ ልታስቀሪያት ባልደረስሽ ነበር።»

እንግዶቹ ነገሩ ግራ ገብቷቸው ይመለከታሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ «በቃ፣ ራሷ ታስተርጉም» አለ። አቶ ዱባለ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙትና ወደ እንግዶቹ ዞሩ። ካባቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉት፤ ልክ ሥራ እንደሚጀምር ሰው።

«እንደገና ልናገር ነው» አሏት። «አንዲት ቃል እንዳታሳልፊኝ።»

ጀመሩ። በመጀመሪያው ቃል አስቆመቻቸው። ደገሙት። በሁለተኛው አስቆመቻቸው። ላብ በላብ ሆኑ። አንድ እኩያቸው አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። አምስተኛው ቃል ላይ የልጁ አክስት ነቃ አለች፤ ሰባተኛው ላይ ራሷ አቃናችላቸው። «እናቷ» እና «ቀዶ ሕክምና» የሚሉት ቃላት ጥርት ብለው ሲወጡ የልጁ አባት ፈገግታው ጠፋ፣ ከወንበሩም ተነሣ።

ትርሲት የሱን ቃል ወደ አማርኛ መለሰችው። «ቅድም ያሉት አልገባኝም ነበር» አለ። «ግን እንዲህ በኩራት የሚናገርን አባት በገዛ ቤቱ፣ በወዳጆቹ ፊት እንዴት አልገባኝም ልበለው? እኔም አጥፍቻለሁ። የታመመች እናቷን ጥላ የመጣች ምራት እኔስ ስታመም ምን ታደርገኝ ይሆን? ትቆይ። ድግሱ ይገፋል።»

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹ ተነሥተው የመረቁት። ወይዘሮ ተናኜ ጓዳ ሆነው እልልታውን ሲሰሙ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ቀላል ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። አቶ ዱባለ ሰኞ ክፍል ተመልሰው መጡ፣ ትርሲትም ማረም ጀመረች። መታረም ለለመደ ሰው እንኳ ይቆጠቁጣል፤ ለእሳቸውማ እሳት ነበር። አንድ ቀን «በቃኝ!» ብለው ጥለው ወጡ። በማግሥቱ ተመለሱ። ትርሲትም ብትሆን በየቀኑ ጨክና ነው የምታርማቸው።

ወገኖቼ፣ ትርሲት ክፉ ሰው አልነበረችም። አቶ ዱባለን ከልቧ ትወዳቸዋለች። ግን በተዘጋ ክፍል፣ በለሆሳስ፣ ለሁለት ብቻ ሊነገር ይችል የነበረውን እውነት ስምንት ወር አሳደረችው፤ በመጨረሻ በሃያ ሰው ፊት ለመናገር ተገደደች። የምናከብረውን ሰው ስሕተቱን ስንሸፍንለት እሱን የጠበቅነው ይመስለናል፤ የጠበቅነው ግን የራሳችንን ፊት ነው፤ ቅር እንዳይለን፣ እንዳይቆጣን፣ እንዳንሸማቀቅ። ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጓዳ የተኛች፣ ምንም የማታውቅ ሰው ትከፍለዋለች።

አሁን ይህን ስታነቡ ወደ ልባችሁ የመጣ አንድ ሰው ይኖራል፤ አባት፣ አለቃ፣ ወዳጅ። ስሕተቱን ታውቃላችሁ፣ እሱ አያውቅም። ዝም ያላችሁት ለማን ብላችሁ ነው?