የአሸብር ሁለት መጫኛዎች

ወደ ገደላፍ መንደር የሄደ እንግዳ ግር የሚለው አንድ ነገር አለ። ያረጀ ቀንበርም ይሁን የዶለዶመ ማጭድ፣ አንድ ሰው ጎረቤቱን «እንካ፣ ያንተ ይሁን» ቢለው ተቀባዩ ዝም ብሎ አይወስድም። ቤቱ ገብቶ እንቁላልም ብትሆን፣ እፍኝ ሽንብራም ብትሆን ይዞ ይወጣና ሰጪውን በግድ ያስይዘዋል። እንግዳው «ኧረ በነጻ ነው» ካለ «ክፋቱስ እሱ አይደል» ይሉታል። ሰዉ ንፉግ ስለሆነ ወይም ውለታ ስለሚፈራ እንዳይመስላችሁ። አንድ አባባል አላቸው፣ እሱን ስለሚፈሩ ነው። አባባሉ ከየት እንደመጣ ደግሞ እነሆ።

በገደላፍ አሸብር የሚባል ገበሬ ነበር፤ ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። ቦራና ዳልቻ የሚባሉ አንድ ጥማድ በሬዎች ነበሩት። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሲያርሱለት ኖረው በአንድ ክረምት በሽታ ገባና ሁለቱንም ወሰዳቸው። አሸብር ተቀምጦ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ግን ተነስቶ ቆዳቸውን ገፈፈ፣ ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን ተለተለው፣ አለፋው፣ ቅቤ አጠጣው፣ ጎነጎነው። ከቦራ አንድ፣ ከዳልቻ አንድ፣ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ክንድ የሚሆኑ ሁለት መጫኛዎች ወጡ። አስካለ የሚያልቀውን ቅቤ እያየች «ለኔ ጠጉር እንኳ እንዲህ አስበህ አታውቅም» እያለች ታበሽቀው ነበር።

መጫኛ መቼም ጭነት የሚታሰርበት የቆዳ ገመድ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ከጭነትም በላይ ነው። ከብት ሲወድቅ ይወጣበታል፤ ማር ቆራጭ ይወርድበታል። የመንደሩ ሰው ገመድ በሚሻበት ቀን «አሸብር ቤት ሂዱ» ይባባል ነበር። አሸብርም ማንንም ሳይከለክል ይሰጣል፤ ሲመለስለት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ ሳይፈትሽ አይሰቅለውም።

እሱም ተራው ደረሰና ሞተ። ተዝካሩ ከተበላ በኋላ አስካለ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሁለት መጫኛዎች ባየች ቁጥር ሐዘኗ እየታደሰ አላስቀምጥ አላት። የምትጭነው አህያ የላት፣ ገደል የምትወርድበት ጉልበት የላት። ስለዚህ የቦራውን መጫኛ አወረደችና የባሏን የወንድም ልጅ ማንደፍሮን አስጠራችው። ማንደፍሮ በጥር ይርገዱ የምትባል ልጅ አግብቶ አዲስ ጎጆ የወጣ፣ እጁ ባዶ የሆነ ጎልማሳ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። ስትሰጠው ደስ አለው፣ ግን ደግሞ ሰው ነውና ስንት ልትለው እንደሆነ ፈራ።

«ስንት ነው እትዬ?» አላት።

«ዋጋ የለውም» አለችው። «የአጎትህ መታሰቢያ ነው፤ ውሰደው።»

ተሸክሞት ሄደ።

በሳምንቱ ከቆላ ጨው የሚያመላልሰው ይማም የሚባል ነጋዴ ሊያስተዛዝናት ጎራ አለ። ተቀምጦ ሳለ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ። አስካለም የሰው ዓይን ያረፈበትን ነገር መከልከል አይሆንላትምና «ውሰደው» አለችው። ይማም ግን አሻፈረኝ አለ። ሁለት አሞሌ ጨው አውጥቶ ከፊቷ አስቀመጠ። እሷ የሟች ዕቃ መሸጥ ነውር መሆኑን ልትነግረው ራሷን ብትነቀንቅ ያነሰባት መስሎት ሦስተኛ ጨመረ። «ኧረ እኔ ዋጋ አልጠየቅሁህም» ብትል አራተኛውን አኖረ። ሻጭ ዋጋ ሲያወርድ፣ ገዢ ሲሰቅል በገደላፍ ታይቶ አይታወቅም። በር ላይ የቆሙ ጎረቤቶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«እናቴ፣ ተይኝ» አላት ይማም በመጨረሻ። «ቤት ስገባ ሚስቴ ስንት አወጣህበት ማለቷ አይቀርም። በነጻ ነው ካልኳት በነጋታው የዶሮ ቆጥ ታስርበታለች።»

አሞሌውን መደቡ ላይ ትቶ፣ መጫኛውን በኩታው ጠቅልሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሐሜት ምን ልንገራችሁ። «አስካለ የባሏን ገመድ በአሞሌ ለወጠች» ተባለ። ምንጭ ወርዳ ስትመለስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ማንደፍሮ ራሱ መጥቶ መቆጣቱ ነው። የአጎቱን የእጅ ሥራ ለመንገደኛ መሸጧ እንዳሳፈረው፣ ከቸገራት እሱ የወንድም ልጅ እያለ ለምን እንዳልነገረችው ደርድሮ ደርድሮ ነገራት። አስካለ እውነትም ያጠፋች መስሏት ይቅር በለኝ አለችው፤ አሞሌዎቹንም ሳትነካቸው መደብ ሥር ደበቀቻቸው።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ሲጠባ አስካለ የፈተለችውን ጥጥ ይዛ ይርገዱን ልትጠይቅ ሄደች። ይርገዱን ትወዳት ነበር፤ በሐዘኗ ወራት ማልዳ ውኃዋን ቀድታ፣ ቤቷን ጠርጋ የምትሄድ እሷ ነበረችና። ከደጁ ስትደርስ ውሻው ዘሎ ሊይዛት ሲል የታሰረበት ነገር ጎትቶ መለሰው። አስካለ የታሰረበትን አየችው። ጉንጉኑን ታውቀዋለች። አይሆንም ብላ ዓይኗን ወደ ጥጃው መለሰች። በጥጃው አንገት ላይ አሸብር የገመድ ጫፍ ሲጨርስ የሚቋጥራት ሦስት እጥፍ ቋጠሮ አለች። እሷን ቋጠሮ ከአሸብር በቀር የሚያስር ሰው በአገሩ አልነበረም።

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ማንደፍሮ ከጓሮ መጣና የሆነችውን ሳያስተውል በደስታ ያስጎበኛት ጀመር። ይህ ለውሻው፣ ይህ ለጥጃው፣ ይህ ለበሩ ማሰሪያ፣ ይህ አልጋውን ጠፍሮበት፣ የተረፈው ደግሞ የማገዶ መሸከፊያ። ለአምስት ቆርጦታል። የማገዶ መሸከፊያው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ከርሞ ሻግቷል፤ የውሻውን ውሻው ሲያኝከው ከርሟል። ይርገዱ በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች፤ እንዳይቆርጠው ለምናው እንደነበር ኋላ ነው የተሰማው።

«ምን አደረግኸው አንተ ልጅ?» አለችው አስካለ።

«ጠቀመኝ እኮ እትዬ፤ እግዜር ይስጥሽ» አላት።

ምስጋናው ከስድብ ይልቅ መታት። ሊያስቀይማት ብሎ ቢሆን ትቆጣው ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ እያመሰገናት ነው። ጥጡን ለይርገዱ አስይዛ፣ የቀረበላትን ሳትቀምስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሸጠችው ተብላ የታማችበት መጫኛ በኩታ ተጠቅልሎ ሲሄድ በዓይኗ አይታለች፤ ለሥጋ ዘመድ ሰጥታ የተመሰገነችበት ደግሞ ውሻ አኝኮታል። ይህን ለማን ትናገራለች? ቢሰሙትስ ማን ያምናታል?

ሃያ ቀን አልሞላም። የመስቀል ማግስት የመንደሩ ሴቶች ለሰፌድና ለሙዳይ የሚሆን ስንደዶ ሊለቅሙ አፋፉ ዳር ወጡ። ስንደዶ ደግሞ አመሉ ክፉ ነው፤ ረጅሙና ያማረው የሚበቅለው ገደሉ ጫፍ ላይ ነው። አስካለ ከኋላ ሆና የለቀሙትን ታስራለች። ይርገዱ አንድ እግሯን ወደ ፊት ስታስቀድም ጤዛ የያዘው ሣር አንሸራተታትና ከዓይናቸው ጠፋች። መጮህ እንኳ አልቻለችም፤ የጮኹት የቀሩት ናቸው።

አስካለ በደረቷ ተኝታ ቁልቁል ብታይ፣ ይርገዱ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ የሰው አልጋ በማታህል ደረጃ ላይ፣ አንዲት የወይራ ግንድ አቅፋ ተቀምጣለች። ከሥሯ ያለው ጭጋግ ብቻ ነው። ከግንዱ ሥር አፈሩ በትንሽ በትንሹ እየተናደ ይወርዳል።

ኡኡታውን የሰሙ ወንዶች ከየማሳቸው ሮጠው ደረሱ። ማንደፍሮም ደረሰ። ከሁሉ የሸመገሉት አያ ክንፉ ቁልቁል አዩና ሃያ አምስት ሃያ ስድስት ክንድ እንደሚሆን ገመቱ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ ስንት ከብት ከዚያ ገደል አውጥተዋል። ወደ ማንደፍሮ ዘወር ብለው «በል ሩጥ፣ የአሸብርን መጫኛ አምጣ» አሉት።

ማንደፍሮ አልተነቃነቀም።

«ምን ትቆማለህ? ሚስትህ እኮ ናት።»

ያን ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። ሮጠ። ሲመለስ ቁርጥራጩን እንደ ማገዶ ታቅፎ መጣ፤ የአልጋውን ጠፍር ሲፈታ ጥፍሩ ደምቷል። አያ ክንፉ ቁርጥራጩን አዩ፣ እሱን አዩ፣ መልሰው ቁርጥራጩን አዩ። ሌላው የት እንዳለ ጠየቁት። ይኸው ነው አላቸው። የገደላፍ ሰው ለብዙ ዓመት ያወራው ይርገዱ የወደቀችበትን ሰዓት ሳይሆን ይህችን ሰዓት ነው። ያ ሁሉ መንደር የሚተማመንበት ገመድ የውሻ ፀጉር ተጣብቆበት ሣር ላይ ተበትኖ ያዩት ያን ጊዜ ነበር።

ቀጣጠሉት። ግን ቋጠሮ ርዝመት ይበላል። ሊፈትሹት ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቢስበው ውሻው ያኘከው ላይ ብጥስ አለ፤ የሻገተውም ደገመ። ደህናው ብቻ ሲቀር አሥራ አምስት ክንድ አልሞላም። ከየቤቱ የመጣው የቃጫ ገመድም የክረምት እርጥበት በልቶት እጅ ላይ ይፈረፈራል። አንዱ «የዳልቻውስ መጫኛ?» አለ። የዳልቻው መጫኛ ከይማም በቅሎ ላይ ነው፤ ይማም ያኔ የሦስት ቀን መንገድ ቆላ ወርዷል።

አስካለ ይህን ስትሰማ የሁለቱንም መጫኛ ነገር አሰበች። አንዱን በነጻ ሰጠች፣ ተቆራረጠ። አንዱን ሸጠች፣ ራቀ። ባሏ አንድ ክረምት ሙሉ ቅቤ ያጠጣው ስድሳ ክንድ ጠፍር ልጅቱ ሥር የሚደርስ አጣ። አሸብር ከመቃብር ሆኖ የሚያያት መሰላት።

ከታች ቀጭን ድምፅ መጣ። «እትዬ አስካለ፣ አለሽ?»

«አለሁ ልጄ። አለሁ፣ ወደ ታች አትይ።»

እንዲህ እያለች ሳለ እጇ ወገቧ ላይ አረፈ። ከባሏ ቀብር ዕለት ጀምሮ አጥብቃ የታጠቀችው መቀነት አሥር ክንድ ነው። ያለ አንዳች እፍረት በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ፈታችው። ሌሎቹ ሴቶች አንድ ጊዜ ተያዩና እነሱም ፈቱ። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። አያ ክንፉ መቀነቶቹን ሁለት ሁለት አድርገው ገመዷቸውና ከደህናው ጠፍር ጋር አሰሩት፤ አራት ሰው ተንጠልጥሎ ፈተሸው፣ ያዘ። ገመዱን ወደ ታች ለቀቁት። ይርገዱ በብብቷ ሥር እንድታስረው ከላይ ሆነው እያንዳንዱን ዙር ነገሯት። ስትወጣ ያቺ ወይራ ከነሥሯ ተነቅላ ወደ ጭጋጉ ገባች፤ ወድቃ ስታርፍ የሰማ ሰው የለም።

ይርገዱ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ ክንዷ ተልጦ፣ በሕይወት ወጣች። አስካለ እቅፏ ውስጥ አስገብታ ያዘቻት፤ የምታለቅሰው ማንኛዋ እንደሆነች አይለይም ነበር።

ያን ጊዜ የሁሉም ቁጣ ማንደፍሮ ላይ ዞረ። እንዲህ ያለ ገመድ እንዴት ለውሻ ይሆናል፣ የሙት አደራ እንዴት ይቆረጣል ብለው ከግራም ከቀኝም ወረዱበት። እሱ መሬት ላይ ወድቆ የአስካለን እግር ይዟል። ኋላ ግን ቀና አለ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ግን እኔ ስንት ነው ብዬ ጠይቄሽ አልነበረም? አንቺ ራስሽ ዋጋ የለውም አላልሽኝም?»

ቃሉ ከአስካለ አፍ ወጥቷል፤ ታስታውሰዋለች። ስትናገረው ግን በልቧ የነበረው ሌላ ነበር።

«ዋጋ የለውም ያልኩህ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሚመጥነው ዋጋ ባጣለት ነው።»

«ምነው ታዲያ አንዲት ዶሮ እንኳ ብትጠይቂኝ» አለ ማንደፍሮ እያለቀሰ። «ለዶሮዬ ስል እጠብቀው ነበር።»

የሚቆጣው ሰው ሁሉ ቤቱ ያለውን፣ እንዲሁ አግኝቶ የጣለውን ዕቃ እያሰበ መሬት መሬት አየ። አያ ክንፉ መቀነቶቹን ከጠፍሩ ፈትተው ለየባለቤቶቹ መለሱና፣ የቀረውን አጭር ጠፍር በእጃቸው አንጠልጥለው ለሰዉ አሳዩት። ከዚያም ማንንም ሳይቆጡ እንዲህ አሉ፦ «ያልገዙት መጫኛ ገደል አፍ ላይ ያጥራል።»