ዳለቻ የተንበረከከ ዕለት

አንድ ጊዜ ዳለቻ የሚባል ወጣት አህያ ቡሊት የምትባል የጎረቤት አህያ ወደደ። ጠዋት ጠዋት እህል ተጭነው ወፍጮ ቤት ሲወርዱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ስለ ጭነታቸው ክብደትና ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወራሉ። ዳለቻ «አግቢኝ» ሊላት አፉን በከፈተ ቁጥር ግን ዝም ብሎ ያናፋል። ቡሊትም ጉንፋን የያዘው ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እመት ቀበሮ መንገድ ዳር አገኘችው።

«ምነው ዳለቻ፣ ከሳህብኝ?»

ዳለቻ የልቡን ዘረገፈላት። «ነገ ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ ደፍሬ ልጠይቃት አስቤያለሁ» አላት።

ቀበሮ ደረቷን ይዛ ጮኸች። «ወፍጮ ቤት? ዱቄት መሃል? ኧረ አታሳፍረኝ! ያሁን ዘመን አህያ ከመንደር ራቅ ያለ መስክ ይመርጣል። አበባ በክብ ይነሰነሳል፣ ወፍ ይዘምራል። እሑድ ምንም ሳትነግራት ታመጣታለህ፣ ትንበረከካለህ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ሁሉም ያደንቃል።»

«ሁሉም ማን ነው?»

«ተመልካቹ ነዋ! ተመልካች የሌለው ፍቅር ፍቅር ይባላል? ዝግጅቱንም የምትላትንም ለእኔ ተወው።»

ዳለቻ ወደኋላ የቀረ መባልን ፈራ። «ለድካምሽስ ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ምንም! የሁለታችሁን ደስታ ካየሁ እኔ ጠገብኩ» አለች ቀበሮ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ገሰገሰች።

«አያ ጅቦ፣ እሑድ ከሰዓት ሁለት አህዮች ወንዝ ማዶ ወዳለው መስክ ብቻቸውን ይመጣሉ። አንደኛው ይንበረከካል።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ለምን ይንበረከካል? ታሟል?»

«ፍቅር ይዞታል።»

«ሥጋውን ያበላሸዋል እንዴ?»

«አያበላሸውም፣ ዝም ብለህ ስማኝ! አንተ ከአጋሙ ጀርባ ትደበቃለህ። እሷ ‹እሺ› ስትለው አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ትወጣለህ። ጉበት ጉበቱ የኔ፣ የቀረው ያንተ።»

«‹እሺ› ስትል… ‹እሺ› ስትል…» እያለ ጅብ እንዳይረሳው ሲደጋግም ዋለ።

እሑድ ደረሰ። ቀበሮ ቢጫ አበባ በሰፊ ክብ ነሰነሰች፤ ሁለት ቆቆች እንዲዘምሩ ለምና ዛፍ ላይ አስቀመጠች። ዳለቻ «ጥሩ ሣር አግኝቻለሁ» ብሎ ቡሊትን ይዟት መጣ። ቡሊት አበባውን ስታይ ደስ አላትና ጎንበስ ብላ ትበላው ጀመር።

«አይበላም! ጌጥ ነው!» አለ ዳለቻ ደንግጦ።

«ታዲያ ለምን መሬት ላይ ጣሉት?» አለች እያላመጠች።

የክቡ ግማሽ ሆዷ ገባ። ዳለቻ ሌላው ግማሽ ሳያልቅ ብሎ በፊት እግሮቹ ተንበረከከ። ቡሊት ማላመጧን ትታ ወደ እሱ ሮጠች።

«ምን ሆንክ? እግርህን ነው? ትናንት ጭነቱ በዝቶብሃል ብዬህ ነበር!»

«እግሬ ደኅና ነው» አለና ቀበሮ ያስጠናችውን ቀጠለ። «አንቺ የልቤ ጨረቃ፣ የነፍሴ ማር ወለላ…»

«ጨረቃና ማር ምን አገናኛቸው?»

«እኔም አልገባኝም» አለ ዳለቻ አንገቱን ደፍቶ። «ታገቢኛለሽ?»

ቡሊት ትክ ብላ አየችው። «ዳለቻ፣ እኔ የማውቀው አብሮኝ ጭነት የሚሸከመውን ነው። ይሄ ጨረቃ የሚለውን ግን አላውቀውም። ትንሽ ላስብበት።»

ይህን ጊዜ ከአጋሙ ጀርባ የጅብ ሆድ አጉረመረመ። ቆቆቹ ነጎድጓድ መስሏቸው በረሩ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ቡሊት ጆሮዋን አቁማ።

«ተመልካች ይሆናል» አለ ዳለቻ አፍሮ።

ጅብ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። «እሺ በይው እንጂ! እስከ መቼ ታስጠብቂናለሽ!» ብሎ ጮኸ።

ያንን ድምፅ የማያውቅ አህያ የለም። ቡሊት ዳለቻን በጥርሷ ማጅራቱን ይዛ አስነሳችው።

ጅብ ግን አብራው ወደተደበቀችው ቀበሮ ዞሮ «እሺ ሳትል መውጣት ይቻላል?» ሲል ጠየቀ።

«ውጣ፣ አንተ ደንቆሮ!» አለች ቀበሮ።

ሲወጣ ቡሊት በሁለት የኋላ እግሯ መንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። ከዚያ ሁለቱ አህዮች ወንዙን ተሻግረው በረሩ።

ጅብ መንጋጋውን ይዞ ሲያስብ ቆየና ቀበሮን አያት። «የቀረው ያንተ ብለሽኝ አልነበር? እዚህ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አላት። ቀበሮ ያን ዕለት ከአገር ጠፋች።

ዳለቻና ቡሊት መንደሩ አጥር ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነዋል።

«ላስበላሽ ነበር» አለ ዳለቻ። «ደፍሬ መናገር ቢያቅተኝ ነው ያን ሁሉ ያደረግኩት። ይቅር በይኝ። እኔ ካንቺ ጋር መኖር ነው የምፈልገው፤ ሌላ የምለው የለኝም።»

ቡሊት ጭቃውን ከጀርባዋ አራገፈች።

«አሁን አወቅሁህ» አለችው። «እሺ።»

ያጨበጨበ አልነበረም። አጠገባቸው አንዲት ዶሮ መሬት ትጭር ነበር፤ እሷም ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ከዚህ የምንማረው የልቡን ጥያቄ ለተመልካች ሲል የሚያስጌጥ ሁሉ ተመልካቹ ማን እንደሆነና ምን ቋምጦ እንደመጣ አስቀድሞ ቢያጣራ እንደሚሻለው ነው።